«ዛሬ እኚህ ሰው ደስ አላሉኝም»

ጥያቄ

ውድ ሲስተር፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን በራሴ ጉዳይ ጻፍኩልዎ። በውስጥ ደዌ ክፍል 14 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የነርሲንግ ተማሪዎችን እከታተላለሁ።

በቅርቡ ክፍላችን አዲስ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲስተም ሊገባለት ነው። የሕመምተኛውን መዝገብ እያነበበ ማን ሊባባስበት እንደሚችል ቀድሞ ያስጠነቅቃል ተብለናል። ገለጻ ሊሰጥ የመጣው ባለሙያ «ከእንግዲህ እናንተ መጨነቅ የለባችሁም፣ እሱ ይጨነቅላችኋል» አለን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ተማሪዎቼም ነገሩን ሁሉ ስልካቸውን ነው የሚጠይቁት። አንዷ ጎበዝ ልጅ ያዘጋጀችው የነርሲንግ ኬር ፕላን (የሕመምተኛ እንክብካቤ ዕቅድ) ከእኔ ይበልጥ ያምር ነበር። አንዱን መስመር አሳይቻት «ይህን ለምን ጻፍሽ?» ስላት ዝም አለች። በሌላ ቀን ለአንድ ሕመምተኛ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ይቺው ልጅ የጠብታውን ብዛት ስልኳ ላይ ያለውን ቻትቦት (ሲጠይቁት እንደ ሰው የሚመልስ የኤአይ ፕሮግራም) ጠይቃ በደቂቃ 125 አድርጋ ለቀቀችው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስደርስ ሩቡ አልቋል። ሕመምተኛው ደግነቱ ምንም አልሆኑም። «125 ማን አለሽ?» ስላት «ስልኩ ነዋ! ሲስተር፣ እሱ እኮ ከእኛ የበለጠ ያውቃል» አለችኝ።

ስልክ ልከልክላቸው? ወይስ ዘመኑ ነው ብዬ ልተወው? ይህ ሲስተም ሲገባስ የእኔ 14 ዓመት ምን ሊሆን ነው? አንዳንዴ ሌላ ሥራ ብፈልግ ይሻለኛል እላለሁ።

ግራ የገባኝ ነርስ

መልስ

እህቴ፣

ከጠብታው እንነሣ። የጠየቅሽኝ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ስሌቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልድገመው። የፈሳሹን መጠን በሚሊ ሊትር እንወስዳለን። አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ እናባዛበታለን። ከዚያ በደቂቃው እናካፍላለን። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። የተሰቀለው ቱቦ በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ከሆነ መልሱ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ለሕፃናት የምንጠቀምበት ጠብታው ትንንሹ ቱቦ ከሆነ ግን 1 ሚሊ ሊትር የሚሞላው በ60 ጠብታ ነው። በእሱ ሲሰላ 125 ይመጣል።

አየሽው? ስልኩ ሒሳቡን አልሳተ ይሆናል። ልጅቷ ስትጠይቀው የቱቦውን ዓይነት ሳትነግረው ቀርታ ይሆናል። እሱም «የትኛው ቱቦ ነው?» ብሎ መመለስ ሲገባው፣ የጎደለውን ከራሱ ጨምሮ አፉን ሞልቶ መለሰ። ወይም ደግሞ «በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር» ያለውን እሷ «በደቂቃ 125 ጠብታ» ብላ አነበበችው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ነገሩ ሌላ። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ የጎደለው መረጃ ቀድዳ በጣለችው ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በደቂቃ 125 ማለት በሰከንድ ከሁለት ጠብታ በላይ ነው። በ20 ጠብታው ቱቦ ሲሆን በሰዓት 375 ሚሊ ሊትር ነው። የ8 ሰዓቱ ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ይህ ምኑ ጠብታ ነው? ዥረት ነው እንጂ! ልጅቷ ቀና ብላ ለአፍታ ብታየው ዓይኗ ራሱ ይነግራት ነበር። ቁጥሩን ካገኘች በኋላ ግን የሚታይ ነገር ያለ አልመሰላትም። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ለአንቺ አልነግርሽም።

(በነገራችን ላይ፣ ስሕተቱን ለሐኪሙ ነግረሽ መዝገብ ላይ አስፍረሻል? ደብዳቤሽ አይናገርም። ካላደረግሽው ዛሬውኑ አድርጊው። ልጅቷን ለማስቀጣት ብዬ አይደለም። ነገ ሌላ ተማሪ፣ በሌላ ክፍል፣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው መንገድ ይጠይቃል።)

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ቻትቦት የሚባል ነገር ሳይኖር የሠራሁትን።

ጀማሪ ነኝ፣ የማታ ተረኛ። አንድ አዛውንት አልጋቸው ላይ ወደፊት ደፋ ብለው ተቀምጠዋል። ጣታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 95 ይላል። ደስ አለኝ፣ ጻፍኩት። የትንፋሽ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ 20 ጻፍኩ። አልቆጠርኩም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ 20 ብለዋል፣ እኔም 20 አልኩ። ቆይቶ ኃላፊያችን በዚያ ስታልፍ በሩ ላይ ቆመች። «ዛሬ እኚህ ሰው ደስ አላሉኝም» አለች። ገብታ ሰዓቷን ይዛ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 34። ቀና ብላ መዝገቡን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ሰውየው ያን ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፣ እግዜር ይመስገን ተረፉ። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ይህን የነገርኩሽ የማሽኑን ጣጣ ሁሉ ማሽኑ ላይ እንዳንከምር ነው። በየመዝገቡ ስንት ያልተቆጠረ 20 እንዳለ አንቺም እኔም እናውቃለን። ክፍላችሁ የሚገባው ሲስተም የሚመገበው እሱን ነው። አልጋው አጠገብ ቆሞ አያይም። የሰውየውን ላብ፣ አተነፋፈሱን፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ማቃቱን አያውቅም። አንቺ የጻፍሽለትን ያነባል። ያልተቆጠረ ትንፋሽ ከሰጠሽው በእሱ ላይ ተመሥርቶ «ይህ ሰው ደህና ነው» ይልሻል፤ ያውም በአስርዮሽ።

በጥንቃቄ የተጻፈ ቁጥርም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ያን የጣት መለኪያ እንደ ምሳሌ ውሰጂው። በ2020 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ያሳየባቸውን ጊዜያት ለይቶ ከደም ምርመራ ውጤት ጋር አነጻጸረ። በነጭ ሕመምተኞች ላይ ከተወሰዱት ልኬቶች በ3.6 በመቶው እውነተኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ግን 11.7 በመቶ ነበር። መሣሪያው የሚለካው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ስለሆነ የቆዳ ቀለም ያዛባዋል። እንግዲህ ይህ ቁጥር ተስቦ ኤአዩ ውስጥ ሲገባ ስሕተቱም አብሮት ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ወደ ገለጻ ሰጪው ልምጣ። «እሱ ይጨነቅላችኋል» ማለቱን ሳነብ እኔም ሳቄ አልመጣም።

በአሜሪካ በብዙ ሆስፒታሎች የገባ፣ ሴፕሲስን (ኢንፌክሽን መላ አካልን የሚያናጋበትን አደገኛ ሁኔታ) ቀድሞ ያሳያል የተባለ አንድ ሲስተም ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ27 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ላይ ፈተሹትና ውጤቱን በ2021 አወጡ። ሴፕሲስ ከያዛቸው ከሦስት ሰዎች ሁለቱን ሳያያቸው አልፏል። በዚያ ላይ ተኝተው ከታከሙት ሁሉ በ18 በመቶዎቹ ላይ ጮኋል። የሚያስፈልጋቸውን ትቶ የማያስፈልጋቸውን ሲጠራ ይታይሽ። አንቺ ደግሞ የጩኸትን ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሆስፒታሎችን የሚገመግመው የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ሆስፒታል ውስጥ ከሚጮኹት አላርሞች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ምንም እርምጃ የማይፈልጉ እንደሆኑ ይገመታል ብሎ ነበር። ጆሮ ይለምዳል። አንዴ ከለመደ እውነተኛውም አይሰማም።

ይህን ብዬ ግን ሲስተሙን አባርሪው ልልሽ አይደለም። በ2022 ጆንስ ሆፕኪንስ በ5 ሆስፒታሎች የሞከረው ሌላ የሴፕሲስ ማስጠንቀቂያ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ጥሩ ውጤቱ የታየው ግን የሕክምና ባለሙያ ማስጠንቀቂያውን በ3 ሰዓት ውስጥ አይቶ ባረጋገጠላቸው ሕመምተኞች ላይ ነው። ማሽኑ ጠራ፣ ሰው ሄዶ አየ። ሁለቱ ሲገናኙ ሠራ።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲውን ነው። ስሙ ኮንሰርን ይባላል፤ ስጋት፣ ማሰብ ማለት ነው። ይህ ሲስተም ምን እያነበበ ሕመምተኛው ሊባባስበት ነው እንደሚል ታውቂያለሽ? የነርሶችን አመዘጋገብ። ነርሷ ከታዘዘው በላይ ስንት ጊዜ ቫይታል ሳይን (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ደም ግፊት፣ ሙቀት) ለካች? በሌሊት፣ ማንም ሳያዛት፣ ለምን ተነሥታ ለካች? ከቁጥሩ አጠገብ ለምን አስተያየት ጨመረች? ደም ግፊቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንዲት ነርስ አንድ አልጋ አጠገብ ደጋግማ ከተመላለሰች አንድ ነገር ሸቷታል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ያንን ሽታ ወደ ቁጥር መለሱት። በሁለት የሆስፒታል ቡድኖች፣ በ74 የሕሙማን ክፍሎች፣ ከ60 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ2025 ኔቸር ሜዲስን ላይ ሲወጣ፣ ሲስተሙ በነበረባቸው ክፍሎች የመሞት ዕድል ካልነበረባቸው በ35.6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እስቲ ይህን አንቺ አስቢው። የእኔ ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ «ደስ አላሉኝም» ያለችው ነገር ነው እኮ! ሐኪም ጠርተሽ «ቁጥሩ ደህና ነው፣ ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስትዪ አንዳንዱ ፊቱን የሚያጠቁርብሽ ነገር። ማሽኑ የሚያነበው የአንቺን ጭንቀት ከሆነ፣ አንቺ መጨነቅ ካቆምሽ ምኑን ሊያነብ ነው? ለገለጻ ሰጪው ይህን ጠይቂልኝ።

ሌላም ጠይቂው። የእናንተው ሲስተም በእነማን መዝገብ ነው የተማረው? እንደ እናንተ ባለ ክፍል፣ በእናንተ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ተፈትሿል? ስንት ይስታል፣ ስንት ጊዜ በከንቱ ይጮኻል? «ይባባሳል» ሲልስ በትክክል ምን ማለቱ ነው? ይህች የመጨረሻዋ ቀላል እንዳትመስልሽ። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አንድ በሰፊው የሚሠራበት ሲስተም «ከፍተኛ የጤና ችግር ያለበት ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው «ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማነው?» የሚለውን እንደሆነ አሳይቷል። ታመው ሳለ ብዙም ወጪ ያልተደረገላቸው ጥቁር ሕመምተኞች በዚህ ምክንያት ከነጮቹ ይበልጥ ጤነኛ መስለው ታዩ። አዳላ ብሎ ያዘዘው የለም። የተሳሳተ ነገር እንዲቆጥር ተደርጎ ነው።

ገለጻ ሰጪው መልስ ከሌለው መልስ ይዞ እስኪመጣ ጠብቁት። ይህ ጠብ መፈለግ አይባልም። አዲስ መድኃኒት ወደ ክፍላችሁ ቢገባ መጠኑንና ጉዳቱን ሳትጠይቂ ትሰጪ ነበር?

አሁን ወደ ተማሪዎችሽ።

ስልክ አትከልክይ። ከከለከልሽ ሽንት ቤት ገብተው ይጠይቁታል፣ አንቺም ምን እንዳላቸው አታውቂም። ቅደም ተከተል ግን አስይዣቸው። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። ተማሪዋ ጠዋት ሕመምተኛው ጋ ስትገባ ስልኩ ኪሷ ነው። አሥር ደቂቃ ትቆያለች። ታያለች፣ ትነካለች፣ ታናግራለች፣ ትቆጥራለች። ወጥታ በገዛ እጇ ሦስት ነገር ትጽፋለች፤ ምን አሳሰበኝ፣ ለምን፣ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ታውጣ። ጉዳዩን ትጠይቀው። ስም የለ፣ የካርድ ቁጥር የለ፣ ፎቶ የለ። ይህን አጥብቀሽ ያዢባቸው፤ እዚያ የገባ ነገር የት እንደሚያድር አይታወቅም። መልሱን ከራሷ ወረቀት ጎን ታስቀምጠውና ልዩነቱን ታስምርበት።

ማርኩን ለልዩነቱ ስጪ። እዚያ ላይ ነው ልጅቷ የምትታየው። ስልኩ ለሆድ ድርቀት «ብዙ ውኃ እንዲጠጡ አበረታቺ» ይላል፤ መዝገቡ ግን ልባቸው ስለደከመ ፈሳሽ እንደተገደበባቸው ይናገራል። ይህን ካየች አለፈች። ስልኩ የአልጋ ቁስል ሲጀምር «ቆዳው ይቀላል» ይላታል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጇ ዳስሳ ማግኘት አለባት። ይህንንም ካወቀች እሰየው። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ ይቀድማታል። «ሕመምተኛው ከትናንት ይልቅ ግራ የመጋባት ነገር አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷ ግን ረስታዋለች። ይህን ስታምን ደግሞ ማርኳ አይቀነስባት። እንዲያውም ይጨመርላት። ካልሆነ መደበቅ ትለምዳለች።

ኬር ፕላኑ ማማሩ አያስደንቅሽ። እንዲህ ያለ ወረቀት ማሳመር ለእነዚህ ማሽኖች ቀላል ነው። ምንጭ ጥቀሱ ከተባሉም የሌለ ጽሑፍ ከነ ደራሲው ከነ ዓመቱ ይፈጥራሉ። ስለዚህ የጠቀሰችውን ምንጭ ከፍታ ታሳይሽ። ቀሪውን አልጋው አጠገብ ጨርሺው። «ለምን?» የምትለው ያቺ ያንቺ ጥያቄ ከየትኛውም ፈተና ትበልጣለች። ዝም ያለችሽ ጊዜ ኬር ፕላኑ የእሷ እንዳልሆነ አንድ ሰኮንድ ሳይፈጅብሽ አውቀሻል።

«በኤአይ የተጻፈን እንለያለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አትመኚ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ በትክክል ስለማይለይ በሐምሌ ወር 2023 አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ መለያዎችን ፈትሸው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች ከግማሽ በላዩን «የማሽን ነው» ብለዋል። ተማሪን በዚህ ከሶ ማሳቀቅ ነውር ነው። እኔ በበኩሌ አላደርገውም።

ማሽኑ በጎ የሚሠራበትም ቦታ አለ፤ እሱንም አሳያቸው። ልጅቷ ማታ ቤቷ ሆና «አንተ መርፌ የምትፈራና የተቆጣህ ሕመምተኛ ሁን፣ እኔ ነርስ ነኝ» ትበለውና ትለማመድ። ይሰድባታል፣ ታባብለዋለች፣ ትሳሳታለች፣ ትደግማለች። ማንም አይጎዳም። የሙያችን ታሪክ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1911 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ሚስስ ቼዝ የምትባል የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት ገብታ ነበር። ተማሪዎች እሷን አገላበጡ፣ አለበሱ፣ አስተኙ። ከዚያ ወደ ሰው ሄዱ። ሚስስ ቼዝ አልጋ ላይ ሆና «ብርድ ልብሱን ጨምሪልኝ» ብላ አታውቅም። ቻትቦቱ ይናገራል፤ ልዩነታቸው እሱ ነው። መናገሩ ደግሞ አደጋም አለው። ሲናገር የሚያውቅ ይመስላል።

ስለ 14 ዓመትሽ ጠየቅሽኝ። ሥራ ታጫለሽ ብለሽ ከሆነ አትስጊ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ነበሩ፣ የጎደለው ደግሞ 5.8 ሚሊዮን ነው። ማንም ነርስ ሊቀንስ አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሲስተሙ እየተከታተለ ስለሆነ ለአንድ ነርስ ጥቂት አልጋ ብንጨምርስ?» የምትል ሐሳብ። ይህች ሐሳብ ሹክሹክታ ሆና ነው የምትጀምረው። እየተመላለስሽ የምታዪበት ጊዜ ከተወሰደብሽ ያ የኮሎምቢያው ዓይነት ሲስተም የሚያነበው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት ኃላፊዎችሽን በጽሑፍ ጠይቂ። ሌሊት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሄዶ የሚያየው ማነው? ነርሷ ማሽኑ ያለውን አልቀበልም ብትል፣ ወይም ማሽኑ ዝም ባለበት እሷ ብትጠራ፣ ማን ይቆምላታል? የአልጋ ብዛቱስ? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበዪ።

ማሽኑ ጊዜ የሚመልስልሽ ከሆነ ደግሞ በደስታ ውሰጂው። የጽሑፍ ሥራ ከቀነሰልሽ፣ የርክክብ ሪፖርቱን ረቂቅ ካዘጋጀልሽ ተባርኮ ይግባ። አንብበሽ ፈርሚበት እንጂ ሳታነቢ አትፈርሚ። በፊርማው የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ቁጥርና መዝገብ ለሙያችን ባዕድ ነው ያለሽም ካለ አትስሚው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት የሞቱትን ወታደሮች ቆጥራ፣ ብዙዎቹን የገደላቸው ቁስል ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ እንደሆነ በ1858 በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አሳይታለች። ፋኖስ ይዛ መዞሯን ብቻ ነው የነገሩን። ሴትየዋ የቁጥር ሰው ነበረች። ግን ቁጥሯ ከአልጋው አጠገብ የመጣ ነበር።

ሌላ ሥራ የመፈለጉን ነገር ለአሁኑ አቆዪው። ደክሞሽ ከሆነ ዕረፍት ውሰጂ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ያቺን ልጅ ግን እንዳትተያት። ጎበዝ ናት ብለሻል፣ አምንሻለሁ። «ከእኛ የበለጠ ያውቃል» ያለችው ስልኩን ስታምን አንቺንም ራሷንም አብራ አሳንሳ ነው። በሚቀጥለው ተረኝነትሽ ወደ መለማመጃ ክፍሉ ውሰጃት። አንድ ከረጢት ውኃ ስቀሉ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጉ። መጀመሪያ ማሸጊያውን ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ከዚያ 125 ታድርገው፣ ቆማ ትየው። ወደ 42 ትመልሰው፣ እሱንም ትየው። ሰዓቷን ይዛ ትቁጠር። ስለ ስሕተቷ አንድም ነገር አትናገሪያት። ውኃው ይናገራል።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ያን ቀን ልብሽ ያላረፈበት አንድ ሕመምተኛ አይጠፋም። በሩ ላይ አቁሚያትና «እኚህ ሰው ዛሬ ደስ አላሉኝም። ለምን ይመስልሻል?» በያት። ስልኩ ኪስ ውስጥ እንደሆነ። አትቸኩዪባት፣ አሥር ደቂቃ ስጫት።

ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።